«እየሠራ ነው፣ አትንካው» እስከ መቼ ያዋጣል?

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሲስተሙ ወዴት እንደሄደ ግን የሚነግረን የለም። አንዳንዴ መብራት ነው፣ አንዳንዴ ኔትወርክ። አንዳንዴ ደግሞ ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው ሶፍትዌር እያሻሻለ ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን። በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት የነበረው ሰልፍ ለሳምንታት ተወርቷል። «ሀክ ተደርጎ ነው» ያለው ብዙ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ሲል አስተባበለ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በመግለጫው ችግሩን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «የሚሠራን ነገር ምን ያነካካቸዋል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ያሉት ባለሙያዎችም በዚሁ ይከራከራሉ። አንዱ «እየሠራ ነው፣ አትንካው» ይላል። ሌላው አዲስ ቨርዥን በወጣ በማግስቱ መጫን ይፈልጋል። ሁለቱም የሚጠቅሱት እውነተኛ አደጋ አላቸው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ ሶፍትዌር ይዘን እንየው። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ መርጫለሁ። ዳታቤዝ ማለት የደንበኛው ስም፣ ሒሳቡ፣ ትዕዛዙ የሚቀመጥበት ሶፍትዌር ነው። ፖስትግሬስ በነፃ የሚገኝ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ድርጅት ይጠቀምበታል። ለዚህ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። መቼ አዲስ እንደሚያወጣና አሮጌውን መቼ መደገፍ እንደሚያቆም አስቀድሞ ይናገራል።

ባለሙያዎቹ «ፕሮዳክሽን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እውነተኛ ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሲስተም ማለት ነው። ከእሱ ጎን ብዙ ጊዜ የመሞከሪያ ሰርቨር ይኖራል። የመሞከሪያው ቢወድቅ ባለሙያው ቡናውን ጠጥቶ ይመለስበታል። ፕሮዳክሽን ሲወድቅ ግን መስኮቱ ጋ ሰው ይሰለፋል፣ ስልኩም ይጮሃል። ማሻሻልን ከባድ የሚያደርገው ይኼው ነው። ሶፍትዌሩን መጫን ራሱ አንዳንዴ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁሉም ማሻሻያ አንድ ነው?

አይደለም። አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ የቨርዥን ቁጥሩ ሁለት ክፍል አለው። ከ17.4 ወደ 17.5 መሄድ ትንሹ ማሻሻያ ነው። ከ16 ወደ 17 መሄድ ትልቁ ነው።

ትንሹ በየሦስት ወሩ ገደማ ይወጣል፦ በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር። አዲስ ነገር አይጨምርም። ስህተት ያርማል፣ የደህንነት ክፍተት ይደፍናል። መረጃው ዲስክ ላይ የተቀመጠበት መልክ አይነካም። ስለዚህ ሰርቨሩ ይቆማል፣ ፕሮግራሙ ይተካል፣ ይነሳል፤ አለቀ።

ትልቁ በዓመት አንዴ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር። እዚህ ላይ የውስጥ አቀማመጡ ሊቀየር ይችላል። አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ፋይል እንዳለ ከፍቶ ማንበብ አይችልም። መረጃው መዛወር አለበት። ከዚያም በላይ የድሮ ልማዶች ይቀየራሉ። ለምሳሌ 14ኛው ቨርዥን የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትን ነባሪ ዘዴ ወደ ጠንካራው ለወጠ፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል አሮጌ ሆኖ ያንን ዘዴ የማያውቅ አፕሊኬሽን በአዲሱ መንገድ በተመዘገበ ይለፍ ቃል መግባት ያቅተዋል። 15ኛው ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ በጋራው ክፍል ውስጥ ሠንጠረዥ እንዲፈጥር ይፈቅድ የነበረውን ነባሪ ፈቃድ አነሳ። ሁለቱም ለደህንነት ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ግን ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ፕሮግራምን በአንድ ጠዋት «ፈቃድ የለህም» ሊያስብሉት ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቁጥር አቆጣጠሩ በየቤቱ ይለያያል። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ከ8.2 ወደ 8.3 ትልቅ እርምጃ ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024 አራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ በ8.0 ዘመኑ ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ሲቀየር አዳዲስ ነገር ያስገባ ነበር፤ አንዴ ከወጡ በኋላ ወደ ቀድሞው ቁጥር መውረድም አይደገፍም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ስለመሰለ ብቻ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። አብሮት የሚወጣውን የለውጥ ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው።

አሮጌው ላይ መቆየት ምኑ ነው የሚጎዳው?

ሶፍትዌር ባለበት ቢቀመጥ በራሱ አይበላሽም። የሚቀየረው ዙሪያው ነው።

ክፍተት ሲደፈን መድፈኛው ለሁሉም ይወጣል። የሶፍትዌሩ ኮድ ክፍት ከሆነ ደግሞ ጥሩውም መጥፎውም ሰው ያነበዋል። መጥፎው አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበር ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ያላሻሻለውን ፍለጋ ይወጣል። ማለትም አሮጌው ሶፍትዌር በጣም አደገኛ የሚሆነው ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ነው።

የአሜሪካው ኢኩዊፋክስ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2017 ላይ አፓቼ ስትራትስ በሚባል ሶፍትዌር የተገኘ ክፍተት መድፈኛው ወጣ። ኢኩዊፋክስ ያንን ሶፍትዌር ይጠቀም ነበር፣ ማስጠንቀቂያውም ደርሶት ነበር። አንድ ሰርቨር ግን ሳይሻሻል ቀረ። ሌቦቹ በሜይ ገቡ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስም የነቃባቸው አልነበረም። የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ድርጅቱ ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መድፈኛው ነፃ ነበር።

ሌላው የድጋፍ ማብቂያ ቀን ነው። ፖስትግሬስ አንድን ትልቅ ቨርዥን ለአምስት ዓመት ይደግፋል። 13ኛው በኖቬምበር 2025 አበቃለት። 14ኛው እስከ ኖቬምበር 2026 ነው የተቀጠረለት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰርቨሩ አይቆምም፣ ምንም ምልክት አያሳይም፣ እንደ ትናንቱ ይሠራል። አዲስ ቀዳዳ ቢገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ሰው የሚዘናጋውም ምንም ስለማይሰማው ነው።

መዘግየት ገንዘብም ያስወጣል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ድጋፋቸው ባበቃ የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስ ቨርዥኖች ላይ የቆዩ የክላውድ (በኢንተርኔት ሰርቨር የሚከራዩ) ደንበኞቹን ለተራዘመ ድጋፍ ተጨማሪ ሒሳብ ያስከፍላል።

ታዲያ ወዲያው እንደወጣ መጫኑ አይሻልም?

ይኼም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንዳንዴ የሚያድነው ወደኋላ መቅረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለምን ያስደነገጠው ኸርትብሊድ የኢንተርኔት መልእክቶችን የሚያመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ስህተት ነበር። የነካው ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉትን ቨርዥኖች ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሮጌ ዘር ላይ የቆዩት አልተነኩም።

በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በሚባል ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚያስገባ ድብቅ መንገድ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የፖስትግሬስ አበልጻጊ ነው። የፖስትግሬስን ፍጥነት ሲለካ ወደ ማሽኑ በርቀት መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለና ሥሩን ፈለገ። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ገና ትኩስ። ዴቢያን የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የረጋ ቨርዥን የሚጠቀሙ ሰርቨሮች አሮጌው ላይ ስለነበሩ አልነካቸውም። ግማሽ ሰከንድ ያልናቀ ሰው ባይኖር ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ፖስትግሬስም ራሱ ንጹሕ አይደለም። 14ኛው ቨርዥን በሴፕቴምበር 2021 ወጣ። ሥራ ሳያቆም ኢንዴክስ (መረጃን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) በሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን ኢንዴክሱን ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ነበረበት። የታረመው በ14.4፣ በጁን 2022 ነው። ብዙ ባለሙያ «ነጥብ አንድ እስኪወጣ እጠብቃለሁ» የሚል ልማድ አለው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ያኔ ግን ነጥብ አንድም፣ ነጥብ ሁለትም፣ ነጥብ ሦስትም አላዳኑም።

ትንሹ ማሻሻያም አልፎ አልፎ ይስታል። በኖቬምበር 2024 የወጣው 17.1 በውስጥ በኩል አንድ መዋቅር ቀየረና ታይምስኬል የሚባለውን ተጨማሪ ሞጁል የሚጠቀሙ ሰዎችን አስቸገረ። በሳምንቱ 17.2 ከተለመደው ፕሮግራም ውጪ ወጣ። አንድ ሳምንት የታገሠ ነገሩን በዜና ብቻ ሰማ።

እኛ ያልነካነው ነገር ለምን ይበላሻል?

ይኼን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ዳታቤዝ ብቻውን አይቆምም፤ ከሥሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። ፖስትግሬስ ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድር ብዙውን ጊዜ «የትኛው ፊደል ይቀድማል?» ብሎ የሚጠይቀው ሥሩ ያለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ለምሳሌ ሊኑክስን፣ ነው። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚወስነው ጂሊቢሲ የሚባል፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.28 ቨርዥኑ የድርደራ ደንቡን በብዙ ቋንቋ ቀየረ።

አንድ መዝገብ ቤት አስቡ። ፋይሎቹ በባለጉዳይ ስም፣ በሀለሐመ ተራ ተደርድረዋል። የቆየው ሠራተኛ ጡረታ ወጣና በአበገደ ተራ መፈለግ የለመደ ሰው ተተካ። አንድም ፋይል አልጠፋም። ወይዘሮ ገነት መጥታ ፋይሏን ስትጠይቅ ግን አዲሱ ሰው መጀመሪያው መደርደሪያ ላይ ይፈልጋል፤ ለእሱ «ገ» ሦስተኛ ፊደል ናት። ፋይሉ ያለው ግን ወደ መጨረሻው ነው። «የለሽም» ይላታል። ከዚያም የባሰውን ያደርጋል፤ አዲስ ፋይል ይከፍትላታል። አሁን አንዲት ገነት ሁለት ፋይል አላት።

ዳታቤዙ ላይ የሚሆነውም ይኼው ነው። ያለ ደንበኛ «አልተገኘም» ይባላል። ሁለቴ መመዝገብ የማይችል ኢሜይል ሁለቴ ይመዘገባል። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። በሊኑክስ ዓይነቶቹ ከዴቢያን 9 ወደ 10፣ ወይም ከሬድ ሃት 7 ወደ 8 የዳታቤዙን ፋይሎች እንዳሉ ይዞ የተሻገረ ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነበር። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ሴንትኦኤስ 7 በጁን 2024 መጨረሻ ድጋፉ ሲያበቃ ተጣድፎ የወጣውም እንዲሁ። መፍትሔው የጽሑፍ ኢንዴክሶችን እንደገና መሥራት ነው፤ ቀላል ነው፣ መኖሩን ለሚያውቅ።

«ዳታቤዙን አልነካንም፣ ያሻሻልነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ ነው» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ልብ ማለት ያለብን ለዚህ ነው።

እንግዲያው ትክክለኛው ጊዜ መቼ ነው?

አንድ ቀን የለም። የማሻሻያው ዓይነት ነው ጊዜውን የሚወስነው።

ለኢንተርኔት በተጋለጠ ሰርቨር ላይ ያለ፣ ሌቦች መጠቀም የጀመሩበት የደህንነት ክፍተት ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ነው። ስብሰባ አያስፈልገውም።

ተራው የሦስት ወር ማሻሻያ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጠብቆ፣ የሌሎችን ጩኸት አዳምጦ መጫን ነው። ወደሚቀጥለው ሦስት ወር ማሳለፉ ግን አይመከርም። ስድስት የተዘለሉ ትንንሽ ማሻሻያዎች ሲደመሩ ትንሽ አይደሉም።

ትልቁን በተመለከተ ቆጠራው ከኋላ ቢጀምር ይሻላል። ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን ያዙ። ከእሱ ላይ ለሙከራና ለማስተካከያ የሚሆን ጊዜ ቀንሱ። እኔ ብጠየቅ ሙሉ ዓመት እቀንሳለሁ፤ የአፕሊኬሽኑ አቅራቢ «አዲሱን ገና አንደግፍም» ሊል ይችላልና። በየዓመቱ መዝለል ግዴታ አይደለም። ከ13 ተነስቶ በቀጥታ 17 ላይ ማረፍ የተለመደ ነው። ያረፉበትም ቨርዥን ቢያንስ ጥቂት ትንንሽ እርማቶች ያለፉበት ቢሆን ይመረጣል።

ቀኑን ስትመርጡ የአገሩን የሥራ ጠባይ ተመልከቱ። የሒሳብ ሲስተም በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት አይነካም፤ በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የክፍያ ሲስተም በደመወዝ ሰሞንና በፋሲካ ዋዜማ አይነካም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጥሩ ሰዓት ይመስላል፤ ችግር ሲመጣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌለ ግን መጥፎ ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ ጀምሮ ቅዳሜን ማበላሸትም የታወቀ በሽታ ነው።

ብዙ ሰርቨር ያለው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይነካም። ጁላይ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ ለደንበኞቹ በአንድ ጊዜ ሲለቅ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሱ ቀሩ። ኩባንያው ስህተቱን ያነሳው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። የወደቁት ማሽኖች ግን ራሳቸው መነሳት ስላልቻሉ ብዙዎቹን ሰው በእጁ እየዞረ ነው ያስተካከላቸው። መጀመሪያ ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ቢለቀቅ ኖሮ ጉዳቱ እዚያው በቀረ።

ከመጀመሩ በፊት ምን መረጋገጥ አለበት?

ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ። «አለን» ማለት ግን አይበቃም።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ ባለሙያ ማታ ሲስተሙ አስቸግሮት ሲታገል የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲኬድ የሚጠበቀው ፋይል የለም። ምክንያቱ ለእኛ ርእስ የተሰፋ ይመስላል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ነበር። ባክአፕ የሚሠራው ፕሮግራም ግን ሲሮጥ የነበረው በ9.2 ነው። የቨርዥን አለመግባባት ስለነበር በየቀኑ ይከሽፋል። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ አይደርሱም ነበር። ያዳናቸው አንዱ ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ጠፋ።

ስለዚህ ባክአፕ የሚፈተነው በመመለስ ነው። በሌላ ማሽን ላይ ይከፈት፣ አፕሊኬሽኑ ይገናኘው፣ የትናንቱ ገቢ ልክ ይሁን። እግረ መንገዳችሁን ትልቁን ማሻሻያ በዚያ ቅጂ ላይ ሞክሩት። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ። ለደንበኛ «ለሁለት ሰዓት አገልግሎት ይቋረጣል» ብሎ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሁለት የሚረሱ ነገሮች አሉ። ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ አፕግሬድ የሚባለው መሣሪያ እስከ 17ኛው ቨርዥን ድረስ መረጃውን ሲያዛውር ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሰበሰበውን ስታቲስቲክስ አያዛውርም ነበር፤ 18ኛው ነው አብዛኛውን ማዛወር የጀመረው። ስታቲስቲክስ የሌለው ዳታቤዝ የትኛው መንገድ አጭር እንደሆነ ስለማያውቅ ጠዋት ሰው ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። ሰውም «አዲሱ ቨርዥን ቀርፋፋ ነው» ብሎ ይፈርዳል። አናላይዝ የሚባለውን ትእዛዝ ከከፈቱ በኋላ ማስኬድ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው የመመለሻው በር ነው። ይኸው መሣሪያ ፋይሎቹን ቀድቶ ወይም ሳይቀዳ አያይዞ መሥራት ይችላል። ማያያዙ በጣም ፈጣን ነው። ነገር ግን አዲሱ ዳታቤዝ አንዴ ከተነሳ በኋላ አሮጌውን በደህና ማስነሳት አይቻልም። መቅዳቱ ጊዜና እጥፍ ዲስክ ይፈልጋል፤ አሮጌው ግን እንዳለ ይቀመጣል። የቱን እንደሚመርጡ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ይወሰን። «እስከ ስንት ሰዓት ካልተሳካ እንመለሳለን?» የሚለውም እንዲሁ ተጽፎ፣ የሚወስነው ሰው ስም ከጎኑ ይቀመጥ።

ለዓመታት ያልተነካ ከሆነስ?

ይኼ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ሲስተሙን የተከለው ሰው ሥራ ቀይሯል፣ ሰነድ የለም፣ ቨርዥኑ 10 ወይም 9.6 ነው፣ ሁሉም ይፈራዋል። ጥሩው ነገር ደረጃ በደረጃ ሁሉንም ዓመት መርገጥ አያስፈልግም። ፒጂ አፕግሬድ ከ9.2 ጀምሮ ያለውን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ 17 ወይም 18 ያሻግራል። የሚከብደው ዙሪያው ነው፦ አፕሊኬሽኑ፣ ማገናኛዎቹ፣ ተጨማሪ ሞጁሎቹ፣ ከሥር ያለው ሊኑክስ።

በዚህ ሁኔታ ላለ ድርጅት የመጀመሪያው ሥራ ትልቁ ማሻሻያ አይደለም። መጀመሪያ አሁን ላለበት ቨርዥን የወጣውን የመጨረሻውን ትንሽ ማሻሻያ ይጫን። ለምሳሌ 12 ላይ ያለ የመጨረሻው 12.22 ነው። ሰርቨሩ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ከሆነ በሩ ይዘጋ። ቀጥሎ ሙሉ ቅጂው ሌላ ማሽን ላይ ይነሳና ማን ማን እንደሚገናኘው ዝርዝሩ ይሠራ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ማንም የማያስታውሰው የሪፖርት ፕሮግራም በየወሩ መጨረሻ እየመጣ መረጃ እንደሚወስድ የሚታወቀው።